ደረቁ መሃል

በአሰሳ የተያዝኩት አዋሳ ውስጥ፣ ከአክስቴ ሱቅ ነው። ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ሱቅ ጠባቂ» አልኩ። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ማለት በቀጥታ ወደ ምርመራ ክፍል ነበር።

ያስገቡን ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአፈር ወለል፣ በሩ ሥር የሽንት ባልዲ። ቀን ቆርቆሮው ያነደናል፤ ሌሊት ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይገባል። ጥግ ያዝኩ።

አጠገቤ የሚተኙት ቡሹሎ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መንደር አንዲት እናት ነበሩ፤ «ልጅሽን ደብቀሻል» ተብለው የመጡ። ሌሎቻችን ሰሌን ላይ ስንተኛ፣ እሳቸው ከቤት የተላከላቸውን የማዳበሪያ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ። ጠዋት ሲያነሡት ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እማማ፣ ሐይቁ ዛሬም ሞልቶ መጣ?» ትላለች አንዷ። ክፍሉ ይስቃል።

«እኔ አይደለም» ይላሉ፣ አማርኛውን እየፈለጉ። «እኔ ራሴን አውቃለሁ።»

አንድ ጠዋት ካቦዋ፣ የክፍሉ አለቃ የተደረገችው እስረኛ፣ ቁርጡን ነገረቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ባልዲው አጠገብ ይተኛሉ።»

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ኮሌጅ የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ብናገር ግን ማን ወሬውን ወደ ምርመራ ክፍል እንደሚያደርሰው አላውቅም።

«የፕላስቲኩን መሃል ንኪው» አልኳት ካቦዋን። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የተኙበት ደረቅ ነው። የረጠበው ዳር ዳሩ ነው። አፈሩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ እርጥበቱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ሰሌን ያሳልፈዋል። ፕላስቲክ ስለማያሳልፈው ከሥሩ ጠል ይሆናል። እሳቸው በገላቸው ያሞቁት ቦታ ላይ ግን አይቆምም።»

ካቦዋ ተንበርክካ መሃሉን ዳሰሰች፣ ከዚያ ዳሩን። ጣቷን አሸተተች። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሱቅ ጠባቂ ይሄን ከየት ታውቃለች?»

«ሱቅ ጨው አለ» አሉ እማማ፣ ከነጠላቸው ውስጥ። «ጨው የምታስቀምጥ ልጅ እርጥበት ታውቃለች።»

ካቦዋ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ፕላስቲኩን ጠረገችና ቦታው ላይ መልሳ አነጠፈችው።

«እዚሁ ይተኙ፣ እማማ።»

እሳቸው ከእኔ በፊት ተጠርተው ወጡ። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። ፕላስቲኩን ለእኔ ትተውልኝ ነበር።

ዛሬ ቱላ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት የችግኝ መደቡን የፕላስቲክ ሽፋን ስገልጥ ጠሉ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ሠራተኞቹ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ ስለ ሙቀትና ስለ አፈር አስረዳቸዋለሁ። ስለ ጨው ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።