የአቮካዶው ጉንዳኖች

ወንድሜ ከሞተ ገና አርባ ቀን አልሞላውም። መናኸሪያ አካባቢ አብረን በተከራየናት ክፍል አሁን ብቻዬን ነኝ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነበር። ግቢው ውስጥ ባለው አቮካዶ ላይ ጉንዳኖች ከታኘከ እንጨት የሠሩት፣ ኳስ የሚያክል ጥቁር ጎጆ አለ። የየትኛው ጂነስ እንደሆኑ ለማወቅ ይከታተላቸው ነበር። ጂነስ ማለት የቅርብ ዘመዳሞች ማለት ነው ብሎ አስረድቶኛል። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። "ጉንዳን ጉንዳን ነው፤ አለቀ" ስለው ይስቅብኝ ነበር።

"ማሙሽ፣ ወገቧን ሳታይ ስም አታውጣላት!"

ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፏል። ወገቧ ስንት አንጓ አለው? ሁለት። ሆዷ ከላይ ሲታይ የልብ ቅርጽ አለው? አለው። ስትነካ ሆዷን ከጀርባዋ በላይ ታነሳለች? ከዚህኛው ጎን ባዶ ነው። ሳይሞክረው ታመመ።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሄጄ እንድነካቸው አዘዘኝ። ቤት ደርሼ ልብሱን አጠብኩ። ከዚያ ደከመኝና ተኛሁ። በማግስቱ ጠየቀኝ።

"ነካካሃቸው?"

"አዎ።"

"ሆዳቸውን አነሱ?"

"አነሱ።"

ፈገግ አለ። "አላልኩህም? ጂነሳቸው ክሬማቶጋስተር ነው!"

በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ትናንት አከራያችን በሬን አንኳኩ።

"ልጄ፣ እነዚህ ጉንዳኖች ስኳሬን ጨረሱት። ነገ ቅርንጫፉን አስቆርጣለሁ።"

"እትዬ፣ እስከ ረፋድ ይታገሱኝ።"

"ለምን? ልትሰናበታቸው ነው?"



ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ጎጆውን በሣር ጫፍ ነካሁት። ጥቂቶች ወጡ። ዝም ብለው ሄዱ። ሆዳቸውን አላነሱም። ጠንከር አድርጌ ደገምኩት። ያኔ ግር ብለው ወጡ፤ ሁሉም ሆዳቸውን ከጀርባቸው በላይ ቀስረው። አንዷ ጣቴን ነከሰችኝ።

"አነሱ!" ብዬ ጮኽኩ። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም።

የዋሸሁት እውነት ሆኖ ተገኘ። ግን አልቀለለኝም። ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩና ከሦስተኛው ጥያቄ ጎን "ታነሳለች" ብዬ ጻፍኩ። እሱ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ መልሱን ያገኘበትን ቀን ይጽፍ ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆየ። ሆስፒታል የነገርኩትን ቀን ልጽፍ ነበር።

የዛሬን ጻፍኩ።