ጥያቄ የሌለው አስተያየት አይቆጠርም

ለዚህ ገጽ ተከታታዮች፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ ያወጣኋቸውን የአስተያየት አጻጻፍ ደንቦች ከዚሁ ወስዳችሁ በየክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለለጠፋችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ደንቦቹን ከእኔ ወስዳችኋልና፣ ባለፈው ማክሰኞ በእነዚሁ ደንቦች የሆነውንም ከእኔው ከራሴ ልትሰሙ ይገባል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

ለማታውቁኝ... ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክህነት ነው፤ ቅኔ ቤትም ገብቼ ወጥቻለሁ። እዚያ የተማሪ ቅኔ በጉባኤ ፊት ይብጠለጠላል እንጂ «ጥሩ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ወደ አሶሳ የመጣሁት ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አማርኛ ሳስተምር፣ ያልተገባውን ተማሪ አመስግኜ አላውቅም።

ዘንድሮ ለአሥረኛ ክፍል ብሎግ ከፈትንላቸው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ከሥሩ አስተያየት ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የገባው ሁሉ «አሪፍ ነው»፣ «ተመችቶኛል» እና የሳቅ ምልክት ነበር። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ። ጥያቄ የሌለው አስተያየት አይቆጠርም። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ይጽፋል። ጠያቂውም መልሱን አንብቦ፣ እንደ ገባው የሚያሳይ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ይህን ያጓደለ ከአሥር ነጥብ ይቀነስበታል... ማንም ይሁን ማን።

ተራው የሐዋ ሆነ። ሐዋ ከመንጌ በኩል መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር፣ በቤቷ በርታኛ የምትናገር፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። የጻፈችው ስድስት መስመር ነው። አባቷ ወርቅ ቆፋሪ እንደ ነበር፤ በክረምት ጉድጓዱ እንደ ተደረመሰበት፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ በዚያ መንገድ እንደማታልፍ። በቃ።

መጀመሪያ አስተያየት የሰጠው ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ሙሳ ነበር። «አይዞሽ» ብሎ ጻፈ። አንዲት ቃል። በክፍሉ ፊት አስነሥቼ፣ ይህ ታስቦበት የተጻፈ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ ሌላ የምለው የለኝም» አለ።

«እንግዲያውስ ጠይቅ» አልሁት።

ሁለት ነጥብ ቀነስሁበት፤ ያቺንም አንዲት ቃል በገዛ እጁ እንዲሰርዛት አደረግሁ። ከኋላ አንዱ «አይዞህ ሙሳ» ሲለው ክፍሉ ሳቀ። አልከለከልኋቸውም። ሙሳ ተቀመጠና፣ ጉድጓዱ ስንት ክንድ ይጠልቅ እንደ ነበር ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉት። በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ ጥያቄ ገባ። ድምፁ ተሰምቶ ነበር ወይ? ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ምን ለብሶ ነበር? የት ተቀበረ? እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከእነዚያ ልጆች እንዲህ ያለ የተመረጠ ጥያቄ አይቼ አላውቅም ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

ሐዋ በየእረፍቱ ኮምፒውተር ክፍል እየገባች አንድ በአንድ መለሰች። ስምንት ክንድ። አዎ፣ ተሰምቷል። አጎቴ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ። «የት ተቀበረ» ለሚለው «እዚያው» ብላ ስትመልስ፣ አጭር ነው ብዬ ግማሽ ነጥብ ቀነስሁባት።

የመጨረሻው ጥያቄ የእኔ ነበር። ከጽሑፏ ውስጥ የጎደለውን ነገር ለይቼ አውጥቼ ነበርና፣ «አባትሽን ከጉድጓዱ ያወጣው ማን እንደ ሆነ አልጻፍሽም። ያን ሰዓት ግለጪልን» ብዬ ጻፍሁላት።

ሰኞ ከክፍል ስወጣ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ አንዱ ጥያቄ ይቅርልኝ» አለች። «ሌላ ሁሉ መልሻለሁ።»

የትኛው እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ የእርስዎ አለችኝ። የእኔን ጥያቄ ብተውልሽ ነገ የሌላውን ልተውለት ነው ወይ፤ ደንቡ ለአንቺም ለእኔም አንድ ነው ብዬ መለስሁላት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሁሉም ምሳሌ ይሁን ብዬ ብሎጉን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈትሁት። አስቀድሜ አላነበብሁትም ነበር። መልሷን ቃል ሳልለውጥ እገለብጠዋለሁ፦

«ማንም አላወጣውም። ዝናብ ነበረ። አፈሩ እንደገና ይወድቃል ብለው ሰዎች ከለከሉን። እስከ አሥር ሰዓት ስሙን ስንጠራ ይመልስ ነበረ። ከዚያ አልመለሰም። አሁንም እዚያ ነው።»

ሙሳ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እኔ ኪቦርዱ ፊት ቆሜ ነበር፤ ከመልሷ ሥር ያለው ባዶ ሳጥን ግድግዳውን ሞልቶ ይታያል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ዓረፍተ ነገር ሳስተምር ኖሬ፣ የመጣችልኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች... እሷን ደግሞ አሰርዤአታለሁ።

ፕሮጀክተሩን አጠፋሁት። ጥያቄዬን አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ፣ አሥሩም ነጥብ ሳይጎድል ይሰጥሻል አልኋት። ይቅርታ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነጥብ አልሁ።

ሐዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሥርዓት እንዳለው ተማሪ ሁሉ እጆቿን አጣምራ፣ ፊቴን እያየች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ...

«አይሰረዝ፣ መምህር። እርስዎ ገና አልመለሱም።»