ጫማ የጠበበው ሽማግሌ፦ ከደሴ አስመራ

ከደሴ የተነሳሁት በአንድ መጽሐፍ ሰበብ ነው። የአስመራው የኮሌጅ ጓደኛዬ ተክላይ ከቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች እጅ የወጣ አሮጌ የእንግሊዝኛ ልቦለድ በሰው ልኮልኝ፣ «ሳታነበው እንዳትመጣ» ብሎኝ ነበር። የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ከጤናና ከዝናብ ሌላ አያወራኝም። ጓደኛዬን እንዳላጣው ስለፈራሁ መጽሐፉን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እስከ መቀሌ

ታሪኩ፣ አንድ ሽማግሌ በባቡር ወደ ልጁ ሰርግ ይሄዳል፤ በቃ። ሟች ሚስቱ፣ የጠበበው ጫማው፣ የልጅነቱ ወንዝ ያለ ነጥብ ተደበላልቀው ገጽ ይሞላሉ። እኔ ደግሞ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመስኩ ነኝና እንደ መጻሕፍት መምህሬ ኅዳጉን ሁሉ በትርጓሜ ሞላሁት፦ ጫማው ኃጢአት ነው፤ አንድም ድህነት ነው። መቀሌ ስናድር ራሴን ያመኝ ነበር።

ከሰንዓፌ ወዲያ

ሰንዓፌ ሻሂና ዳቦ ቀመስን። ዓዲ ቀይሕ ስንደርስ ወታደሮች አስወርደው ፈተሹን። እኔን በአማርኛዬ ወዲያው አሳለፉኝ። አጠገቤ የተቀመጡትን አሮጊት ግን ጥቅላቸውን መሬት ላይ በተኑባቸው።

«እሺ ጌታዬ» አሉ አሮጊቷ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ግን በትግርኛ ለራሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ ደቀምሓረ እስክንደርስ አላቆሙም። አፈርኩ።

አስመራ

ተክላይ ፌርማታው ላይ ተቀበለኝ። በእግራችን ከከተማው ዳር ወዳለው የቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ ወጥተን ቁልቁል የምጽዋን መንገድ እያየን ተቀመጥን። መጽሐፉን ሲገልጥ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ጫማው እኮ ጫማ ነው! ሰውየውን እግሩን አሞታል። አትተርጉመው፤ ዝም ብለህ ስማው።»

ጮክ ብዬ ሳላቋርጥ አነበብኩለት። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆነልኝ፤ አሳዘነኝም።

«ለምን ላክህልኝ ታዲያ?» አልኩት።

«አሁን በአማርኛ ብቻ ነው የማስተምረው። ልጆቹ ‹እሺ መምህር› ይሉኛል። እኔም ለዳይሬክተሩ እሺ እላለሁ። ላንተም እሺ ስል ከረምኩ። እንደ ሽማግሌው ሁሉ የእኔንም ልብ ሳይተረጉም የሚሰማ ሰው ፈለግኩ።»

«በል ንገረኝ።»

«በትግርኛ ነው የሚወጣልኝ።»

«በትግርኛ ይሁን።»

ጉሙ ከቆላ ወጥቶ መንገዱን እስኪሸፍነው ድረስ ተናገረ። መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ምን ማለትህ ነው ብዬ አላቋረጥኩትም።

ደሴ

እስከዛሬ ሰውን የማዳምጠው እንደ ቅኔ ልፈታው ነበር። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ሳይገባኝም አጠገቡ መቀመጥ እንደምችል ነው። ቤት እንደገባሁ ባለቤቴ፣ «ተክላይ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ግማሹ አልገባኝም» አልኳት። «ግን ነገረኝ።»