ቢጫዋ ጣሳ

አባቴ ሱሉልታ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ የሚሞላ ሰው ነበር። ወጣትነቱን በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል አሳልፎ ጡረታ ሲወጣ ሥራው እቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። ፈቃድ ያላቸው ገበሬዎች ባዶ ቀለሃቸውን በፌስታል ቋጥረው ያመጡለታል፤ እሱ መስኮቱ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያጸዳል፣ ይሞላል፣ ይደፍናል። በአካባቢያችን ለሠርግና ለለቅሶ የሚተኮሰው አብዛኛው ጥይት ከእሱ እጅ የወጣ ነበር።

እኔ ሥራውን እየጠላሁ ነው ያደግኩት። ባሩድ ባሩድ የሚል ኮቱን ለብሶ ለወላጆች ስብሰባ ሲመጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አስተምሮኛል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ቀለሁ ቂጥ ላይ ለምትገባው፣ ተመትታ ባሩዱን ለምታቀጣጥለው፣ ምስር ለምታክለው ነገር ነው። መለኮሻ ይላታል። ሁለት ዓይነት ነበረው፤ ተራዋ በቢጫ ጣሳ፣ ኃይለኛዋ በቀይ ጣሳ። ኃይለኛዋ ለአንድ ደንበኛው ብቻ ነበረች፤ ብዙ ባሩድ የሚጎርስ ትልቅ የአደን ጠመንጃ ለነበረው ሰው።

«እሷን አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ካስገባሻት ባሩዱን ታስቆጣዋለች። የላላ ብረት አይችላትም» ይለኝ ነበር። የራሱ ጠመንጃ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው፣ መዝጊያው የላላ አሮጌ ነበር።

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም ዙሪያችን ያሉ ከተሞች በተናወጡበት ጊዜ ቡራዩ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አባቴ ጋ መጣሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር የሚኖረው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ «የቤት ለቤት ፍተሻ ነው» ተባለ። አባቴ ማሳው ላይ ነበር። ጠመንጃው ፈቃድ ስላለው ብዙም አልፈራሁም፤ የፈራሁት ለተቀረው ነው። በዚያ ሰሞን ቤቱ ባሩድ የተገኘበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ አይታወቅም። ባሩዱን ጎታው ውስጥ ገብስ ሥር ቀበርኩት። ሁለቱን ጣሳ አንድ ካልሲ ውስጥ ገለበጥኳቸውና ቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ አሰርኩት። ፈታሾቹ ወታደሮች ፍራሹን ገልብጠው፣ ጠመንጃውንና ፈቃዱን አይተው ሄዱ።

ከዚያ መለየት መጣ። መለኮሻዎቹን መስኮቱ ሥር ነጠላዬ ላይ ዘረገፍኳቸው። የኃይለኛዋ ሆድ ትንሽ ጠቆር ይላል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሰማዩ ዳምኖ ነበር። አብዛኞቹን ለየሁ። አንድ እፍኝ የማትሞላ ግን አስቸገረችኝ፤ አንዴ ጠቆር፣ አንዴ ፈካ ትልብኛለች። መጣል ነበረብኝ። ወይም አባቴ ሲመጣ መናገር። ነገር ግን አባቴ ቁጡ ነው፤ ተደባለቀ ብዬ ብነግረው ሁሉንም ጉድጓድ ይከታል፣ ለእኔም የዓመት ስድብ ይተርፈኛል። የቀሩትን ቢጫዋ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ለምን ቢጫዋ? ጎደል ብላ ስለታየችኝ ነው። የተሻለ ምክንያት የለኝም።

በሳምንቱ የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ደረታቸውን ታመሙ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በድንጋይና በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተዘግቶ ነበር። ሁለት ቀን ሲያቃስቱ ሰንብተው አልጋቸው ላይ አረፉ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ተመካክረው በዚህ ሰዓት ተኩስ ይቅር አሉ። አባቴ አሻፈረኝ አለ።

«እሳቸው ለሠርጌ ተኩሰውልኛል። በዝምታ አይቀበሩም። ሦስት ጥይት ነው፤ ከዚያ ከፈለጉ ይውሰዱኝ» አለ።

ጠዋት ሲሞላ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቢጫዋን ጣሳ ከፈተ፤ ሦስት አወጣ። መነጽሩን እንኳ አላደረገም፤ ጣሳዋን ያምናታላ።

«አባዬ፣ ይቅርብህ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?»

«ወታደሮቹ ይሰማሉ።»

ሌላ መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አልተናገርኩትም። እንደ ፈሪ ልጅ አድፍጬ፣ ምንም አይሆንም፣ አብዛኞቹን በትክክል ለይቻለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

መቃብሩ ጋ ሁለቱ ጥይቶች እንደ ወትሮው ጮኹ። ሦስተኛው ድምፁ ሌላ ነበር። አባቴ ጎንበስ ሲል ለወዳጁ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። በእጁ ቀኝ ዓይኑን ይዟል፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። በማግሥቱ በእርሻ መሐል፣ በጭቃ እየተንሸራተተ በሚሄድ ፒክአፕ ሐኪም ዘንድ ስናደርሰው ዓይኑ አልቆለት ነበር።

አባቴ ለጠየቀው ሁሉ «እኔው ነኝ። አረጀሁ፤ ጣሳ ተሳሳትኩ» ይል ነበር። ሊጠይቁት ለመጡት ደንበኞቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይህንኑ ነገራቸው። በዚያ ሥራ አንድ ቀን ተሳስቶ የማያውቅ ሰው፣ ከእጁ የወጣውን ጥይት ሁሉ እንዲመልሱ ለመናቸው። ዕቃዎቹን ሸጠ፤ በርጩማውን አንድዶ ሞቀው። እኔ ሾርባውን እያቀበልኩ አዳምጥ ነበር።

ወደ ሰበታ ስዛወር ይዤው ሄድኩ። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት ኖረ። ብዙ ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቻለሁ፤ ሁሌም ሻይ ልጨምርልህ ወይ የሚል ነው የሚወጣው። እዚያው አረፈና ለቀብር ሱሉልታ ወሰድነው።

ከመቃብሩ አፍ ላይ ቆመን ሳለ የአካባቢው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። ሁለት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል።

«አባትሽ ለሰው ሁሉ የተኮሰ ሰው ነው። ስንት እንተኩስለት?»

«አንድም» አልኳቸው።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቷን አዋረደችው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ግን አዘኑልኝ፤ ትከሻዬን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዓይኑ ምክንያት ነው አይደል ልጄ? እሱ እኮ ራሱ ጣሳ ተሳስቶ ነው።»

አባቴ ቃሬዛው ላይ፣ ከእግሬ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳቸው።