«ማን ማንን?»

ጋሼ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የፈጠራ ማመልከቻ መርማሪ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ፣ ረጅም ድልድይ ላይ እየሄደ ቀለም የሚቀባ ማሽን የፈጠረ ሰው፣ ማመልከቻው ስለተመለሰበት ተቆጥቶ ብስራተ ገብርኤል ቤታቸው ድረስ መጣ። ጽሑፉ «ድልድዩ ላይ ይወጣል፤ ሲቀባውም ይሸከመዋል» ይላል።

«ማን ማንን?» አሉት።

«ድልድዩ ነዋ ማሽኑን! ጓድ፣ ይሄ ይጠፋዎታል?»

«እኔንስ አይጠፋኝም። ነገ አንዱ ‹ፈጠራው የኔ ነው› ቢልህ ግን በዚህ ቃል አትረታውም» ብለው አብረውት ቁጭ ብለው አቃኑት።

እኛ ልጆችም «መታው» ብለን ስንከስ፣ መልሳቸው ያቺው ጥያቄ ነበረች።

ትናንት ከቀብር መልስ አባዬ «ይቀብረኛል ስል ቀበርኩት!» እያለ ሲያለቅስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለን ሁላችንም ጥያቄያቸውን ጠበቅን።

አልመጣችም።