ለአስቴር አባት የነገርኳቸው ውሸት

ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን «ይኸው ነው አባ» ብዬ፣ መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገረው ነው። ስሙኝ እንጂ አታጽናኑኝ።

እኔ ዋሽቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ዋሽቼ የሰው ዕድሜ ቀምቻለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አስቴርና እኔ መርካቶ አንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን ጓደኛሞች ነበርን። እኔ አባቴን በሕፃንነቴ አጥቼ፣ እናቴ በርበሬ ቸርችራ ያሳደገችኝ ነኝ። የአስቴር አባት ጋሼ ይርጋ ከአውቶቡስ ተራ ዝቅ ብሎ የስፌት መኪና የሚሸጡበትና የሚጠግኑበት ሱቅ ነበራቸው። አስቴር ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ናት። ካቻቢቴዋን ይዛ የቆመ መኪና ስትፈታና ስትገጥም እጇ አይሳሳትም። ደግሞ ንግዱን ማወቋ! መኪና መግዛት ያቃታቸው ልብስ ሰፊዎች በር ላይ ቆመው አይተው ሲመለሱ ታዝባ፣ «አባባ፣ ለምን አናከራያቸውም? ባንድ መኪና ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይስፋበት» ያለቻቸው እሷ ናት። እንዳለችው አደረጉ፤ ከዚያ ወዲያ ሱቁ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስን፣ አንድ ኮሌጅ የንግድ ሥራንና ቴክኒክን አጣምሮ የሚያስተምር ክፍል እንዳለው ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«አልማዝዬ፣ ይሄ እኔን ለክተው የሰፉት ነው! ሌላው ቦታ ወይ ንግድ ነው ወይ መኪና። እዚህ ሁለቱም አለ። ነይ አብረን እንግባ!»

እኔ አስተማሪ ልሆን ነበር ሐሳቤ። የእሷን ደስታ ሳይ ግን አማረኝና ተመዘገብኩ። እሷ የቀራት የአባቷ ፊርማ ብቻ ነበር።

ለምን አደረግሁት? ቦታ ጠቦ ነው እንዳልል፣ ለሁለታችንም ቦታ ነበረ። በድላኝ ነው እንዳልል፣ ከአፏ ክፉ ቃል ወጥቶብኝ አያውቅም። አስቴር ሁልጊዜ አንደኛ፣ እኔ ሁልጊዜ ከእሷ ቀጥሎ። አንዴ እንኳ እሷ የሌለችበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ፈለግሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባገኝ ምናለበት? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

አንድ ቀን ልጠራት ሱቅ ብሄድ ለፎርሙ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ሄዳለች። ጋሼ ይርጋ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ይሄ ትምህርት ምንድነው? ንግድ ነው እንዳልል መኪና አለበት፤ መኪና ነው እንዳልል ንግድ አለበት። ለሴት ልጅ ይሆናል?»

«ይሆናል» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ዓይነ አፋር መስዬ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አባቴ ስለሆኑ ነው የምነግርዎት» አልኩ። «ለልምምድ እያሉ ሴቶቹን ከወንዶቹ ጋር ከከተማ ውጪ ፋብሪካ ይወስዷቸዋል፤ እዚያው ነው የሚከርሙት። አምና የገባች አንዲት ልጅ ሆዷ ገፍቶ ነው የተመለሰችው አሉ።»

አሉ! ማን አለ? ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «አንቺስ ታዲያ?» አሉኝ።

«እኔማ የሚከለክለኝ አባት የለኝ» አልኳቸው።

ዕንባቸው መጣ። ማን እንደነገራቸው ለአስቴር እንደማያወጡ በእግዚአብሔር ስም ምለው፣ መርቀው ሸኙኝ። መረቁኝ እኮ!

በማግሥቱ አስቴር ዓይኗ አብጦ መጣች። «አባባ እምቢ አለ። ምክንያቱንም አይነግረኝም። አንቺን ይሰማሻል፣ ለምኚልኝ» አለችኝ። ሄድኩላት። እሷ ውጪ ቆማ እየጠበቀች፣ እኔ ከአባቷ ጋር ስለ እናቴ ጤና ስጫወት ቆየሁ። ስወጣ፣ «እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው፤ አልሆነም» አልኳት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ይህን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አብልጬ እጠላዋለሁ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ላለው፣ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣት ሰው ዳሯት። እኔ ኮሌጁን ጨረስኩ፤ አንደኛም አልወጣሁ። ቢሮ ገባሁ። የተማርኩትን አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከስድስት ዓመት በኋላ አውቶቡስ ተራ አገኘኋት። ለሕክምና መጥታ ስትመለስ ነበር። ከስታ፣ የፊት ጥርሷ ጎድሎ፣ መጀመሪያ አላወቅኋትም። ወፍጮው ቆሞ ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ሲመለስ፣ ፈትታ እንዳስነሳችው እየሳቀች አጫወተችኝ። ባሏ ግን፣ «ሴት ወፍጮዬን ነካች፣ አዋረደችኝ» ብሎ መታት። ጥርሷ ያኔ ነው የወለቀው።

ቀጥላ እጄን ያዘችና፣ «አልማዝዬ፣ ያኔ ለእኔ ብለሽ አባባ እግር ላይ የወደቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር ያክብርልኝ። ልጄን በስምሽ ነው የጠራኋት» አለችኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» የሚል ነው። አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ለቅሶ ስደርስ ጋሼ ይርጋ አቅፈውኝ፣ «አንቺ እንኳ ከውርደት አድነሽልኝ ነበር፤ ከሞት ማን ያድናል?» አሉ በጆሮዬ። እኔም ትከሻቸውን ይዤ አብሬያቸው አለቀስኩ። እሳቸውም እውነቱን ሳያውቁ ተከተሏት።

ልጅነት ነው አትበሉኝ፤ የምናገረውን አውቅ ነበር። ቅናት ሰይጣን ነው አትበሉኝ፤ አፉ የእኔ አፍ ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ አመስግናኝ ሄደች።