ኔሊ የተባለችው ጀልባ

ባለፈው ጸደይ ልጄን ይዤ ያገለገለች የእሽቅድምድም ጀልባ ልመርጥ አንድ ጋራዥ ገባሁና፣ ሻጩ የጀልባዋን ልባስ ሲገልጠው ታፍኖ የከረመ የሸራና የጨው ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር የመረጥናት ጀልባ ሽታ ነበር።

አባዬ ታክሲ ነጂ ነበር። የምንኖረው የሐበሻ ሱቆች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ካለ አፓርታማ ሲሆን፣ እማዬ መንገዱ ላይ ካለው የቅመማ ቅመም ሱቅ ትሠራ ነበር፤ እሱ ኤርፖርት ሲመላለስ ውሎ ስለሚያመሽ እኔ የማውቀው ጀርባውን ነበር ማለት ይቻላል። ተወልዶ ያደገው ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነውና ውሃ ሲያይ ልቡ ይሸፍት ነበር። በዚያ ዓመት የዝናብ ወራት ተሳፋሪ ማሪና፣ የጀልባዎቹ ማቆሚያ ወደብ ባወረደ ቁጥር፣ በሸራ ጀልባ የሚወዳደሩ ልጆችን እያየ ቆሞ ይቀር ነበርና፣ አንድ ማታ ራት ላይ «ኦኬ፣ ሰንዴይ ሰንዴይ ሥራ የለም፤ ጀልባ ገዝቼ ከልጄ ጋር እወጣለሁ» አለን። እኔ ለጀልባዋ ደንታም አልነበረኝም፤ የፈለግሁት እሁዱን ነበር።

እማዬም የዚያው የሐይቅ ዳር ልጅ ስለነበረች ውሃን የምትፈራው በቅጡ ስለምታውቀው ነበር። በእነሱ መንደር ውሃ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ሐይቁ ስሙን የሰማውን ሰው አይረሳም ይሉ ነበር። እሺ ያለችው አባዬን ካስማለችው በኋላ ነው። «ውሃ ላይ ስሟን እንዳትጠራ። አንዴ እንኳን ብትጠራት ጀልባውም እሁዱም ያበቃል» አለችው። እሱም ወላሂ ብሎ ማለላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ገና ጀልባው ሳይገዛ «ጓዴ» ይለኝ ጀመር።

ጸደይ ሲገባ ፍለጋ ዞርን። አባዬ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው ጆሮውን አስጠግቶ በጣቱ አንጓ የጀልባውን ሆድ ያንኳኳ ነበር፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ በስብሷል ይል ነበር፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ። የአንዷ ወለል ሲረግጡት ይሰምጣል፣ የሌላዋ ምሰሶ ጎብጧል። የመጨረሻዋን ያገኘናት ብቻውን በሚኖር አንድ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጠባብና ቀላል፣ ለሁለት ሰው የተሠራች ነበረች፤ አዋቂው ከኋላ መሪውን ይይዛል፣ ልጅ ከፊት ትንሿን ሸራ ትስባለች። ከኋላዋ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ኔሊ» የሚል ተጽፎባታል። ሲያንኳኳት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች፤ ደስ ብሎት አንሥቶ ከፊት አስቀመጠኝ።

ጀልባዋ ስታጋድል እግር የሚያዝበት ማሰሪያ አጥሮ፣ በእኔ እግር ልክ ታስሮ ነበር። የተቀመጥኩበት ቦታም ርጥብ ነበር። ጀልባዋ ለዓመታት ከጋራዡ አልወጣችም ተብለናል፤ ስነሣ ግን ሱሪዬ በስብሷል። ሽማግሌው አየኝና ፊቱን አዞረ። አባዬ የልጅዎ ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሰውዬው አዎ በማለት ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ የት እንዳለች ግን አባዬ አልጠየቀም፤ ባደገበት ወግ፣ ቤቱ ውስጥ የሌለን ልጅ የት ደረሰ ብሎ አባትን መጠየቅ ነውር ነበር። ዱዓ አድርጎባት ገዛት።

ሰኔ ገባና እሁዶቹ የእኔ ሆኑ። አባዬ እየሳቀ፣ እያፏጨ፣ «ጓዴ፣ ሳቢ» ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን አንዳንዴ ገመዱን ልስብ እጄን ስዘረጋ ቀድሞ ተስቦ አገኘው ነበር። ዳርቻው ላይም ሁልጊዜ ያ ሽማግሌ ቆሞ ያየን ነበር፤ እጁን አያውለበልብም፣ አይጠጋንም። እሁዴን እንዳላጣ ስለ ገመዱ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ እሁድ ከባሕሩ ጉም ተነሥቶ ዋጠን። ከኋላዬ ያለውን አባቴን ማየት አቃተኝ፤ ማፏጨቱንም አቆመ፣ ያኔ ነው የፈራሁት። ከዚያ ከሩቅ «ኔሊ!» የሚል ድምፅ መጣ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ «አቤት!» አልኩ። አባዬ ትከሻዬን ጨመቀኝ፤ ሆኖም መሪውን ወደ ድምፁ አዞረ። እየተጠራሁ፣ አቤት እያልኩ፣ ጀልባዋ አሸዋ ነካች። ሽማግሌው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ልጁ ኔሊ በእንዲህ ያለ ጉም በዚህች ጀልባ ወጥታ፣ ጀልባዋ ብቻዋን መመለሷን የነገረን ያኔ ነው። «ያን ቀን አልተጣራሁም» አለን። «ትመጣለች ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ማታ አባዬ ሁሉንም ለእማዬ ነገራት። እኔ እሁዴ አበቃለት ብዬ አስቀድሜ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሰውዬው በስሟ ጠራት?»

«አልጠራትም። የራሱን ልጅ ነው የጠራው።»

«እንግዲያው እሁድ እኔም እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። ሳምቡሳና ሻይ በፔርሙዝ ይዛ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ዳርቻው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች፤ ስሙ ስለማይያዝላት «ጋሼ» ትለው ነበር፣ እሱም አቤት እንደማለት ራሱን ይነቀንቅላት ነበር። በመጸው ታመመና መምጣት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ጉም ሲወርድ በእሱ ፈንታ «ኔሊ!» እያለች የምትጣራው እማዬ ነበረች፤ እኔም አቤት እል ነበር።

አባዬ ዛሬ የለም፤ እማዬም ደረጃ መውረድ ትታለች። በጸደይ የመረጥናት ጀልባ ስም የላትም፤ ባለቤቴና ልጄ ሲወጡባት እኔ ዳር እቀመጣለሁ። ባለፈው እሁድ ጉም ወረደ። በእኛ ጊዜ ከጆሮ በቀር መሪ አልነበረንም፤ አሁን ግን ያሉበት ቦታ ስልኬ ላይ ይታየኝ ነበር፣ ቀስ እያሉ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። መጣራት አያስፈልግም ነበር። አፌ ግን አላስችል አለውና ተነሥቼ «ኔሊ!» አልኩ።

ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጄ፣ ከጉሙ ውስጥ «አቤት!» አለች። ስለ ኔሊ ነግሬያት አላውቅም።